የባሕር ክር በካትሌሆንግ ሜዳ

ያኔ ካትሌሆንግ ሱቅ ሳለን አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ደግሞ አርባ ዘጠኝ። ይህን ዕድሜ ቁጭ ብዬ እንድቆጥር ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት ከጀፕ፣ ከጆበርጉ የሀበሻ ገበያ፣ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሴት ጆሮ ነው። ግራ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ሮዝ ላባ፣ በመሃሉ የሚያብለጨልጭ ብርማ ክር፣ ጫፉ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ዶቃዎች። ለሌላ ሰው ጉትቻ ነው። እኔ ግን ዶቃዎቹ ዓይን መሆናቸውን፣ ላባው የሽሪምፕ እግር እንዲመስል የታሰረ መሆኑን፣ ከሥሩ ያለው ሽቦም ጫፉ በፒንሳ የተቆረጠ የዓሣ መንጠቆ መሆኑን አውቃለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኛ። "ሲስ፣ ጉትቻሽ ያምራል" አልኳት። "የእናቴ ነው" አለችኝ ፈገግ ብላ፣ "ካትሌሆንግ አንዲት ኢትዮጵያዊት ትሸጠው ነበር። አንዱ ስለጠፋ ነው በአንድ ጆሮ የማደርገው።" እኔ ነኝ አላልኳትም። ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? እሷ ቀድማኝ ወረደች፤ እኔ መውረጃዬን አልፌ ሁለት መንገድ ያህል ሄድኩ።

ሱቃችን ከአንድ የኳስ ሜዳ ጥግ ነበር፤ ያው ሜዳ ከተባለ። ሣር የሚባል ነገር ዝናብ ሲጥል ብቻ ትንሽ ብቅ ይልበታል፤ የአንደኛው ጎል ብረት ተነቅሎ ተሽጧል፤ በወዲያኛው ጫፍ የታክሲዎቹ መንገድ ያልፋል። ከእኛ ቀጥሎ ኖምሳ የምትባል ሴት ኮንቴይነር ውስጥ ጸጉር ትሠራ ነበር። በሯ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አስቀምጣ ጠዋት መዝሙር፣ ከምሳ በኋላ ዳንስ ትከፍታለች፤ ሁለቱንም ስለለመድኩ ዘፈኑንም መዝሙሩንም ሱቅ ስጠርግ ሳላውቀው ቀላቅዬ አንጎራጉር ነበር። ዳቦ ስድስት ራንድ፣ ግማሹ ሦስት። ሲጋራ በፍሬ አንድ ራንድ። እስከ ጀፕ ታክሲ ስምንት ራንድ፤ ዕቃ ከያዝሽ ለዕቃውም የሰው ሒሳብ ትከፍያለሽ። ሴቶቹ በጠዋቱ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ብርድ ልብስ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ለዳቦ ይመጣሉ፤ እነዚያው ሴቶች እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ቀይ ሸሚዝ በነጭ ኮሌታ ለብሰው ሲያልፉ አላውቃቸውም ነበር። ዛሬ ያን ኮሌታ የሚያጥቡበት ዓይነት ነጭ የሚያደርግ ሰማያዊ ዱቄት ብፈልግ አጣሁ። የት እንደገባ እንጃ።

ጋሼ የምለው ወንድሜን ነው። ባሌ ከሞተ በኋላ ከሆሳዕና ያስመጣኝ እሱ ነው፤ ሱቁም የእሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ባኪውን፣ ያቺን ከኋላ ዕቃ የምትጭን መኪናውን፣ እየነዳ በሳምንት ሁለት ቀን ጀፕ ይወርዳል፣ በዙሉ ቀልድ ይቀልዳል፣ የማያውቀው ሰው የለም። አንድ ቀን ስድስት ካርቶንና አንድ ረጅም ጥቅል ይዞ መጣ። ባሕር ዳርቻ የሆነ ከተማ ውስጥ የተዘጋ የአንድ ሱቅ ዕቃ ነው፤ የሸጠለት ሰውም ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቅም።

"ምንድን ነው ጋሼ?" አልኩት ካርቶኑን ከፍቼ። በቀለም በቀለሙ ላባ፣ ጭራ፣ ብልጭልጭ።

"ጉትቻ።"

"መንጠቆ አለው እኮ።"

"መንጠቆ ከሌለው በምን ሊንጠለጠል ነው?"

"እነዚህ ረጃጅሞቹስ?"

"የመጋረጃ ዘንግ።"

"እንዲህ የሚለመጥ የመጋረጃ ዘንግ?"

"ቀለል ላለ መጋረጃ ነው በያ። አንቺ ደግሞ።"

የመንጠቆዎቹን ሹል ጫፍ በፒንሳ እየቆረጥኩ፣ ሁለት ሁለቱን ካርቶን ላይ እየሰካሁ በአስር ራንድ ሸጥኳቸው። እንዴት እንደሄዱ ልነግራችሁ አልችልም። ኖምሳ ጸጉር ለምትሠራት ሁሉ "ማርታ ጋ ሄደሽ ጆሮሽን ሙዪ" እያለች ትልካለች። ጀፕ የሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች መዘምራን ሳይቀሩ አረንጓዴውን ሸርጣን አድርገው ዘምረዋል፤ ሸርጣን መሆኑን ማንም አያውቅም። የመጋረጃ ዘንግ ግን የሚገዛ ስላልተገኘ አንዱን እኔ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ቺፕስ ማውረጃ አደረግኩት።

ከዚያ ወር ሳይሞላ ሌቦች ገቡ። ሦስት ነበሩ። ከቀትር በኋላ፣ የኖምሳ ድምፅ ማጉያ እየጮኸ፣ ጋሼ ከባኪው ስኳር ሲያወርድ ተከትለውት በኋላ በር ገቡ። እኔን ከፍሪጁ ጎን አስቀመጡኝ። እሱን መሬት አስተኙት፤ አንደኛው ጭንቅላቱ ላይ ሽጉጥ አድርጎ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። አልተኮሰም። ሰውየው ሽጉጡን አየት አድርጎ እንደተበላሸ ዕቃ ነቀነቀው፤ ከዚያ የሚወስዱትን ወስደው፣ ባኪውንም ይዘው ሄዱ። እኔ ተነስቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? የወደቀውን ስኳር መጥረግ ነው። ጥርስ ሲነቀል የሚሰጥ መርፌ አለ አይደል፣ ድዱን በምላስ ስትነኩት የሌላ ሰው የሚመስለው፣ እንደዚያ ሆንኩ። አላለቀስኩም፤ አልተንቀጠቀጥኩም። ጋሼም ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ደንበኛ ከውጭ ቆሞ ከሚገዛበት የብረት ፍርግርግ ኋላ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በርጩማ ለአምስት ወር የሚያስወጣው ጠፋ። ከሱቁ ጀርባ መኝታና መታጠቢያ ስላለ ወደ ውጭ የሚጠራው ነገር የለም። በሩን አያልፍም፤ በቃ።

ሰው ቢሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ጀፕ ያለ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አስከሬኑ ሀገር እስኪገባ ብቻችሁን የሚተዋችሁ የለም። ሳይሞት ለቀረ ሰው ግን ያለው የምስጋና ፕሮግራም ነው። መጡ፤ ሽማግሌዎቹ፣ መዘምራኑ፣ ብስኩትና ለስላሳ ይዘው። "ወንድም ታምራት ደስ ይበልህ፣ ጌታ ለምልክት ነው ያተረፈህ" አሉት። እሱ "አሜን" ይላል። ምስክርነት ስጥ ሲሉት ደግሞ "አሜን" ይላል። ሳቁለት፣ ጨብጠውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማን ይምጣ? ደስታ እኮ ሁለተኛ ቀን የለውም። ከጀፕ የሚመጣውን ዕቃ እኔ በታክሲ ማመላለስ ጀመርኩ። እሱ ይሸጣል፤ መልስ አይሳሳትም፤ ከመልስ ውጭ ግን ቃል አይወጣውም። በየማታው አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ ይህ ሰው ከዚህ በር ይወጣል ወይስ እዚሁ ያረጃል?

ታዲያ አንድ ቀን ማሉሜ መጣ። ማሉሜ ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በዚህ ነው። ሁሌ ሰማያዊ ቱታ የሚለብስ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው፣ ግማሽ ዳቦና ሁለት ፍሬ ሲጋራ የሚገዛ ሽማግሌ። ቺፕስ ላወርድለት ብዬ ዘንጌን ወደ ጣሪያ ስሰድ እጄን በፍርግርጉ በኩል ያዘኝ።

"ማማ፣ በዚህ ነገር ነው ቺፕስ የምታወርጂው?"

"የመጋረጃ ነው" አልኩት።

ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ ጉትቻዎቹን አየ። ሳቁ ከሆዱ ነው የወጣው፤ ኖምሳ ሙዚቃውን ቀንሳ ምን እንደሆነ ለማየት መጣች። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደርባን በላይ አንድ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ፣ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሀብታሞች ጀልባ ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ነው። ላባዎቹን አንድ በአንድ እየጠቆመ ስማቸውን ነገረን፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ትንንሽ የብር ዓሣ። "ኖምሳ፣ በጆሮሽ ያንጠለጠልሽው የዓሣ ምሳ ነው" አላት። "ታዲያ ዓሣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ወንድ እንደሆነ አልመጣ" አለችው።

እንዴት እንደሚወረወር ሊያሳየኝ የፈለገው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት ሱቁ ውስጥ ዝምታ ስለበዛ ነው። ሦስት አራት የዘንግ ቁራጮች ገጣጠመ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ወፍራም ቢጫ ክር ከነመጠቅለያው አውጥቶ አሰረ። የዚህ ዓይነቱ ማጥመጃ ነገሩ ክሩ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ላባ ክብደት የለውም፣ የሚበርረው ክሩ ነው፤ ላባው ተሳፋሪ ነው። ክሩን መጀመሪያ ወደ ኋላ ትወረውሩታላችሁ፣ ከኋላ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ማሉሜ ሜዳው ላይ ቆሞ አንዴ ሲወረውረው ክሩ በአየር ላይ እንደ ተፈታ መቀነት ቀስ ብሎ ተዘርግቶ አፈሩ ላይ ተኛ። ድምፅ የለውም። ለእኔ ሲሰጠኝ ራሴ ላይ ተጠመጠመ።

"ከኋላሽ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል በይ" አለኝ፤ "ዘንጉ ቆጣሪው ነው። ወደ ኋላ ስትወስጂው አንድ ላይ አቁሚ። ወደ ፊት አስር ላይ አቁሚ።"

የእጄ ሰዓት እስከ ዛሬም የሚሄደው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ሀገር ሰው አስር ሲለኝ አራት እያልኩ፣ አንድ ሲለኝ ሰባት እያልኩ በልቤ ስመነዝር ኖሬያለሁ፤ አሁንም መነዘርኩ። ሰባትም አራትም ደግሞ ሰዓት ላይ ወደ ታች ነው የሚያመለክቱት። እናም ዘንጉን ከወዲህ አፈር ወደዚያ አፈር ማጋደም ጀመርኩ። ማሉሜ "ወደ አንድ፣ ወደ አንድ" ይላል፤ እኔ ሜዳውን እጠርጋለሁ። "ማማ፣ መጥረጊያ አይደለም" አለኝ በመጨረሻ ደክሞት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። በሦስተኛው ቀን ከፍርግርጉ ኋላ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

"ማርታ።"

ዞርኩ። ጋሼ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

"የነሱ አስር ነው" አለኝ በአማርኛ። "አትመንዝሪው። ወደ ላይ ነው።"

ከመልስ ውጭ በሁለት ወር ውስጥ የተናገረው ይህ ነው። እኔ ግን አልሮጥኩም፣ አልጮኽኩም። "እሺ ጋሼ" ብዬ ዘንጉን ወደ ላይ አነሳሁ፤ ክሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሁለት ሆነ። ማሉሜ ከጎኔ፣ ጋሼ ከሽቦው ኋላ። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ አስር ሰዓት ገደማ በእኛ፣ እወጣለሁ። ጋሼ በጎን ስለሚያየኝ ማሉሜ የማያየውን ያያል። "የእጅ አንጓሽ ታጠፈ" ይለኛል። "ቸኮልሽ፤ ኋላው አላለቀም።" "አሁን ደግሞ ዘገየሽ፣ ወደቀ።" አንዳንዴ ዳቦ እየሸጠ፣ ለደንበኛው መልስ እየሰጠ፣ ቀና ብሎ "ክርንሽ" ብቻ ይላል። ቂጤ እንደ ሕፃን እንደሚወዛወዝ ሳይቀር ነገረኝ። ኖምሳ የምትሠራቸው ሴቶች ጸጉራቸው በግማሽ ተፈትቶ ወጥተው ያዩናል። እኔም እየተሻለኝ ሄድኩ። ይህ መሻል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ትናንት ራሴ ላይ ይወድቅ የነበረ ክር ዛሬ ከፊቴ ይወድቃል። በሳምንቱ ይዘረጋል፣ ግን ጫፉ ይታጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከኋላዬ ክሩ ተዘርግቶ ሲያልቅ መዳፌ ላይ ትንሽ ጎተት አደረገኝ፤ ቀሚሴን ሰው እንደያዘኝ። ያን ጉተታ ጠብቄ ወደ ፊት ስሰደው ቀጥ ብሎ ሄደ። ሌላው አካሌ ሁሉ ደንዝዞ ያቺ መዳፌ ብቻ የሰማች መሰለኝ። በነጋታው ያን ለማግኘት ከሃያ ጊዜ በላይ ወረወርኩ፤ ሁለቴ አገኘሁት። ለእኔ በቂ ነበር።

ነሐሴ ላይ ነፋሱ መጣ፤ የጆበርግ የነሐሴ ነፋስ አቧራና ፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። "ጥሩ ነው" አለ ማሉሜ፤ "ባሕር ላይ ያለው ነፋስ ነው። አሁን የግራ እጅሽን እናምጣ።" በግራ እጄ ክሩን፣ ዘንጉ በሚጓዝበት ቅጽበት፣ ወደ ታች ሳብ አድርጌ መልሼ መስጠት ነበረብኝ፤ ወደ ኋላም አንዴ፣ ወደ ፊትም አንዴ። ይህን ስጀምር የቻልኩትን ሁሉ ረሳሁት። ጋሼ በርጩማው ላይ ሆኖ በባዶ እጁ እየሳበና እየሰጠ ሲያሳየኝ አየሁት። ማታ ሱቅ ዘግተን እንኳን እጁ በራሱ ጊዜ ሲሄድ አይቻለሁ።

በመስከረም ማሉሜና ሚስቱ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ትውልድ ቦታቸው ሲሄዱ "ነይ፣ ባሕሩን ታይዋለሽ" አሉኝ። ለጋሼ "አብረን እንሂድ" አልኩት። በሩን አየ። "ሂጂ። ሱቁን እኔ አየዋለሁ" አለኝ። ሄድኩ። ስለ ባሕሩ ብዙ የምለው የለኝም። ቡናማው ወንዝ አረንጓዴው ውስጥ ይገባል፤ ሽታው የረጠበ ጨርቅና የብረት ነው። ጉልበቴ ድረስ ገብቼ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጥሬ፣ ነፋሱ ፊት ለፊቴ እየመታኝ ወረወርኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ ክሩ ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ ግራ እጄ ሳላዝዘው ራሱ ሳበና ሰጠ፤ ክሩ ነፋሱን ሰንጥቆ ከማዕበሉ በላይ ሄደ፣ መጠቅለያው ላይ የቀረው ሁሉ እየተፈታ ተከተለው። ማሉሜ አጨበጨበ። ማታ ገደማ አንድ ዓሣ ያዝኩ፣ የክንዴን ያህል፣ ብርማ። በእጄ ይዤው ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምስጋና ፕሮግራም ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። ማሉሜ መንጠቆውን አውልቆ ለቀቀው። የወደድኩት ውርወራውን ነበር፤ ዓሣውን አይደለም።

ስመለስ ጋሼ ሱቁን በደንብ ይዞት ነበር። ዳቦ ከሚያመጣው ሰውዬ እንኳን ዳቦውን አንድ በአንድ በፍርግርጉ ቀዳዳ ነው የተቀበለው። እንዴት እንደወረወርኩ ነገርኩት።

"ምን ያህል ሄደ?" አለኝ።

"ሩቅ።"

"ሩቅ ምን ያህል ነው?"

"ጋሼ፣ ውኃ ላይ በምን እለካዋለሁ?"

"ሳትለኪው መጣሽ?" አለኝ። ተናደደ። ከተናደደ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ነፋሱ ትንሽ ጋብ ብሏል። ከሱቁ በር ላይ ቆምኩ፤ ላባው እንዲታይ ሮዙን መረጥኩ። አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት፣ ግራ እጄ ሳበ፣ ሰጠ፣ ለቀቅኩት። በሕይወቴ ከወረወርኩት ሁሉ ያ ይበልጣል። ክሩ ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ተኛ። ማሉሜ ሄዶ በእርምጃው ለካው፤ እግሩን ስለሚያመው እርምጃው እንደ ዶሮ ነው። "አርባ" አለ። ኖምሳ ጓንቷን ሳታወልቅ ሄደች፤ እሷ ደግሞ ያ ሁሉ ቁመት አላት፣ እየዘለለች። "ሃያ። ሽማግሌ ውሸታም" አለችው። "ሰጎን ናት እኮ፣ እሷን ማን ላከ?" አለ። ሁለቱም ወደ ጋሼ ዞሩ፣ ዳኛ እንደሆነ ሁሉ።

ጋሼ ተነሳ። "ሁለታችሁም አትችሉም" አለ በዙሉ። የፍርግርጉን ቁልፍ ሲከፍት ሰማሁት። እኔ ዞሬ አላየሁትም፤ ካየሁት የሚመለስ መሰለኝ። ዘንጉን እንደያዝኩ ቆምኩ። በነጠላ ጫማው፣ ሹራብ ሳይለብስ፣ አጠገቤ መጣ፤ ተረከዙን ከተረከዜ አጋጠመና በክሩ ጎን ሄደ። ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ይቆጥራል። ማሉሜና ኖምሳ መንገድ ለቀቁለት። ሃያ አምስት። ሃያ ስድስት። ላባው ጋ ሲደርስ ሃያ ሰባት አለ።

አልቆመም። ላባውን በእርምጃው አልፎት ሃያ ስምንት አለ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ጎል የነበረበትን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ አይሰማኝም፤ ከጀርባው ግን እየቆጠረ እንደሆነ ያስታውቃል። መንገዱ ጋ ሲደርስ ታክሲዎቹ የሚጠሩበትን የጣት ምልክት አሳየ፤ አንዱ ቆመለት፤ ገባ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኖምሳ "ወዴት ነው?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። ክሩን ጠቀለልኩ፤ ሱቁ ክፍት ስለሆነ ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰው ዳቦ ገዛ፤ ለሦስቱም መልስ ተሳሳትኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ከጀርባው የሰው ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"ጀፕ ነኝ" አለ። "ክትፎ በልቻለሁ። ስኳር አለን?"

"አንድ ጆንያ።"

"ሻማስ?"

"የለም።"

"እሺ" ብሎ ዘጋው።

ያን ቀን እዚያው አንድ የሀገራችን ልጅ ቤት አደረ። በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። ጋሼ የሰው ጃኬት ለብሶ ወረደ፤ አራት ካርቶን ሻማ፣ ሁለት ጆንያ ዱቄትና አንድ ባሊ ዘይት አወረደ፤ ለዕቃው የሰው ሒሳብ አስከፍሎኛል ብሎ ሾፌሩን ሰደበ፤ ከዚያ ሁሉንም ተሸክሞ አስገባ።